«ቀድሞ የሞላ ይደርሰዋል» የሚባለው ወሬ ከየት መጣ?

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

በቅርቡ አንዲት ሻይ የምትሸጥ እህታችን የሦስት ወር ትርፏን ለደላላ መስጠቷን ነገረችኝ። «ዲቪሽን በመጀመሪያው ሌሊት ከሞላሁልሽ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያይሻል» ብሏት ነው። ልቆጣት አልቻልኩም። ይህ ወሬ አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ ያውቃልና።

የዲቪ 2012 ምዝገባ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2010 ተጀምሮ ለ30 ቀናት ቆየ። ከመላው ዓለም ወደ 15 ሚሊዮን ማመልከቻ ገባ። ሜይ 1 ቀን 2011 ውጤቱ ሲለቀቅ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ደረሰው። በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሜይ 13፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕጣውን ሰረዘው። በፕሮግራም ስህተት ምክንያት ከአሸናፊዎቹ 90 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ። ሕጉ ደግሞ ዕጣው ለሁሉም እኩል እንዲወጣ ያዛል። እስከዚያ ድረስ 22 ሺህ ያህል ሰው «ደርሶሃል» የሚለውን አንብቦ ነበር። የተከሰሰውም ክስ ጁላይ 14 ውድቅ ሆነ፣ በማግስቱ አዲስ ዕጣ ወጣ። የአክስቴ ልጅ ስም አልነበረበትም።

ለመሆኑ ኮምፒውተር እንዴት ዕጣ ያወጣል? እኛ በእቁባችን ወረቀት ጠቅልለን በጣሳ እናናውጣለን፣ ሁሉም በዓይኑ ያያል። ኮምፒውተር ግን የታዘዘውን ብቻ ስለሚሠራ በራሱ ዕጣ አያውቅም። መፍትሔው የመጣው ከምስጢር ጽሑፍ ሙያ ነው። ስትሪም ሳይፈር የሚባለው ስልት ከአንዲት አጭር ምስጢራዊ ቁልፍ ተነሥቶ ረጅም የቁጥር ጅረት ያፈልቃል። ጅረቱ ከመልእክቱ ጋር ሲደባለቅ መልእክቱ ይሰወራል። ቁልፉን የማያውቅ ሰው የሚቀጥለውን ቁጥር መገመት አይችልም። እንግዲያው መልእክቱን ትተን ጅረቱን ብቻ ብንወስድ ዕጣ የሚመስል ቁጥር አገኘን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሮን ሪቨስት የተባለ አሜሪካዊ አርሲ4 የተባለውን ስልት ሠራ። ምስጢር ሆኖ ቆይቶ በ1994 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ኢንተርኔት ላይ አወጣው። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓት ለዕጣ ቁጥር ማፍለቂያ ተጠቀመበት። ኋላ ግን ተመራማሪዎች አንዳንድ ቁጥሮች ከሚገባቸው በላይ እንደሚደጋገሙ አሳዩ። በ2008 ዳንኤል በርንስታይን ቻቻ20ን አቀረበ። ኦፕንቢኤስዲ ወደ እሱ ዞረ፣ ሊኑክስም በ2016 ተከተለ። የአንድሮይድ ስልካችን ልብም ሊኑክስ ነው።

ታዲያ ቁልፏ እንደ እርሾ ናት። ትንሽ ብትሆንም ሙሉ ሊጥ ታቦካለች፤ እርሾው ከተበላሸ እንጀራው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ማሽኑ ቁልፏን ማንም ከማይገምታቸው ጥቃቅን ነገሮች፣ ለምሳሌ መረጃ ከገባበት ቅጽበት፣ ይለቅማል።

ቁጥሩ ቢያምርም ዝርዝሩ ከተበከለ ግን ዋጋ የለውም። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ወጥቶ በቀናት ውስጥ የተሰረዘው፣ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ስም ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ ስለተገኘ ነው። ዓመታት የቆጠበ ሰው ምን እንደተሰማው እናንተ ታውቃላችሁ።

ጎሮም ያላችሁ፣ ኮኞኮኞ ገበያ የምትውሉ ወገኖቼ፣ ይህን ያዙልኝ። በትክክል በተሠራ ዕጣ የመጀመሪያው ሌሊትና የመጨረሻው ቀን እኩል ናቸው። ቀድሞ የሞላ የተጠቀመበት ያ አንድ ጊዜም ቢሆን ተሰርዟል። የስደተኞች የሦስተኛ አገር ሰፈራ ደግሞ ጭራሽ ዕጣ አይደለም፤ በችግራችሁ ዓይነት ይታያል፣ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎትም ክፍያ የለውም። «ዕጣውን አስወጣልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው የሚሸጠው የራሳችሁን ተስፋ ነው።

ደላላ ለከበባቸው ዘመዶቻችሁ አድርሱልኝ። ቸር ያሰማን።