የኮምፒዩተር መገናኛ ደንቦች ፉክክርና የኢትዮጵያ የስልክ መስመር

ሁለት ኮምፒዩተሮች ይነጋገሩ ዘንድ አስቀድሞ በአንድ ደንብ መስማማት ይኖርባቸዋል። ፕሮቶኮል የሚባለው ይኸው ደንብ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ዓለምን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል።

የአውሮፓ የስልክ መሥሪያ ቤቶች የያዙት እ.ኤ.አ. በ1976 የጸደቀውን ኤክስ 25 ነበር (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። አሜሪካኖች ግን አርፓኔት የተባለውን መረባቸውን ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ ቲሲፒ/አይፒ አዛወሩ። ልዩነቱን በመንገድ መመሰል ይቻላል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት አልፎ፣ ጉማራን ተሻግሮ ወረታ የሚገባ ጭነት አለ እንበል። በኤክስ 25 ሥርዓት መንገዱ አስቀድሞ ይወሰናል፤ በየኬላው ያለ ጠባቂም ጭነቱን ቆጥሮ ይረከባል፣ የጎደለውንም ከኋላው ካለው ኬላ ያስመልሳል። በአይፒ ግን እያንዳንዱ እሽግ አድራሻውን ይዞ በተገኘው መንገድ ይጓዛል፤ የጎደለውን ቆጥሮ እንደገና እንዲላክ የሚያደርጉት ላኪውና ወረታ ያለው ተቀባይ ናቸው። መሥሪያ ቤቶቹ የፊተኛውን የወደዱት ኬላዎቹ የራሳቸው ስለነበሩ ጭምር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ኢትዮጵያን በተመለከተ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሁለቱም ደንቦች በሙሉ ጥቅማቸው የሚታዩት ዘወትር ክፍት በሆነ መስመር ላይ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ መስመር ኪራይ ደግሞ ከአብዛኛው ተቋም አቅም በላይ ነበር። ስለሆነም በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ሊቃውንቱ ብዙም ያልቆጠሩት ሦስተኛ ደንብ ነው፤ ይኸውም ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ በ1984 ለግል ኮምፒዩተሮች የፈጠረው ፊዶኔት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ጨምቆ፣ በተራ የስልክ ጥሪ ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ጋር ይለዋወጥ ነበር። ደብዳቤው ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ይተላለፋል። ጥሪው አጭር ነው፤ መስመሩ ቢቆረጥም ዝውውሩ ከተቆረጠበት ሊቀጥል ይችላል። ለዚያን ጊዜው የመዳብ ሽቦ ከዚህ የተሻለ ደንብ አልነበረም። ይሁን እንጂ ፊዶኔት ደብዳቤ ያደርሳል እንጂ ሩቅ ያለን ኮምፒዩተር በቀጥታ ለማነጋገር አያስችልም።

ስለዚህም ባለሙያዎች ተሰባስበው ሙሉ ኢንተርኔት እንዲገባ ወተወቱ፤ በ1997 መጀመሪያም የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ከፈተ። ኮምፒዩተርና ስልክ ያለው ሁሉ ሊገባበት ይችል የነበረው መረብ በዚህ ጊዜ አንድ በርና አንድ በረኛ ወዳለው መረብ ተለወጠ። ደንቡ ኬላ የማይሻው አይፒ መሆኑ ይህን አላስቀረም።

በ2000ዎቹ የፌዴራሉን መንግሥት ከክልልና ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ለማገናኘት ወረዳኔት ሲዘረጋም ደንቡ አይፒ ነበር። መስመር ባልደረሰበት ወረዳ እሽጉ በሳተላይት ይሄዳል፤ «ደርሷል» የሚለው መልስ እስኪመለስም ላኪው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይጠብቃል።