ከቶሪኖ እስከ እስቴ፦ የላዳ ሞላ ታሪክ

በእኛ ዘመን ተምሮ ላዳን የማያውቅ የለም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ያመላለሰችው ታክሲ እሷው ናት። ስለ ላዳ ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሞተሯና ስለ ዕድሜዋ ነው። ከሥሯ ስላለው ነገር፣ ስለ ሞላዋ፣ ስለ አሞርዛተሯና ስለ ብራቾዋ የሚያወራ ብዙ ሰው የለም። ላዳን ላዳ ያደረጋት ግን በዋናነት ይኸው ነው። ከሥሯ ያለው ነገር ሁለት ጊዜ ተሻሽሏል። አንዱ ማሻሻያ በፋብሪካ የተሠራ ሲሆን በሚገባ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለተኛው በእኛው ጋራዦች የተሠራ ነው፤ እሱ አልተጻፈም።

ነገሩ የሚጀምረው ጣሊያን ውስጥ ቶሪኖ ላይ ነው። ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥታ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተባለች። ክብደቷ 855 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ፊት ለፊት በእያንዳንዱ ጎማ ላይና ታች ሁለት ብራቾና ጥምዝ ሞላ ነበራት፤ ከኋላም በባሌስትራ ፋንታ ሞላ ተገጠመላት። በዚያን ጊዜ በዚህ ዋጋ እንዲህ ዓይነት አሠራር እምብዛም አልነበረም። ቆየት ብሎ የመጣችው ስፔሻል ቲ የተባለችው የቤት መኪና 80 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ የቤተሰብ መኪና መስላ የምትሮጥ ነበረች። ከዚሁ ከ124 ዘር የወጣችው ስፖርት መኪና በ1972 የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና አሸንፋለች።

ሶቪየቶች ከፊያት ጋር የተዋዋሉት በዚያው በ1966 ነው። ሞስኮ አቅራቢያ ባለው የዲሚትሮቭ መሞከሪያ መኪናዋን በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲነዷት ጉድ ታየ። አካሏ ተሰነጠቀ፣ የኋላው የዲስክ ፍሬን በጭቃና በአቧራ ቶሎ አለቀ። ስለዚህ ቆርቆሮው ወፈረ፣ መኪናዋ ከመሬት ከፍ አለች፣ የኋላው ፍሬን ወደ ታምቡር ተቀየረ፣ ሰስፔንሽኑም ጠነከረ። የኋላው አክስል በአራት ቁመታዊ ዘንጎችና ወደ ጎን እንዳይሄድ በሚይዝ አንድ አግድም ዘንግ ታሰረ። በ1970 ከቶግሊያቲ ፋብሪካ የወጣችው 2101 ከፊያቷ 100 ኪሎ ያህል ከብዳ ተገኘች። ይህ የመጀመሪያው ማሻሻያ ነው፤ ያስገደደው የሩሲያ መንገድ ነው።

ላዳ በደርግ ዘመን እኛ ዘንድ ስትደርስ ጋራዦቻችን እንግዳ አልሆነባቸውም። የሩሲያ መኪና ብትሆንም አጥንቷ ጣሊያን ነው፤ የጋራዡ ቋንቋም እንዲሁ። ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ቶርኖ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ትብብር የተቋቋመ ነው። ስለዚህ ጣሊያንኛ ስም ያለው ዕቃ በሶቪየት ዕርዳታ በተሠራ ወርክሾፕ ውስጥ በአማርኛ ሲብራራ መስማት ለእኛ ብርቅ አልነበረም።

አሁን ወደ እስቴ ልውሰዳችሁ። አንድ የባቻችን ልጅ፣ የመካነ ኢየሱስ ተወላጅ፣ ከአባቱ የወረሳት 2101 አለችው። ለበዓል አገር ቤት የሚገባው በእሷ ነው። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ ከዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጉናን በጎን እያየ ወደ እስቴ ይታጠፋል። በዚያ አገር መንገድ የሚፈትነው ዋልካው ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራ መንገድም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወድቃል።

መኪናዋን ለማደስ ሲነሳ የጋራዡ ሽማግሌ መጀመሪያ ያሉት ሞላውን ተወው ነው። የሚንኳኳው ጎሚኒው ነው፤ ላስቲኩ ደርቆ ብረት ከብረት ጋር እየተጋጨ ነው። እውነትም ጎሚኒዎቹ፣ ቦል ጆይንቶቹና አራቱ አሞርዛተሮች ሲቀየሩ ግማሹ ችግር ጠፋ። ማሻሻል የሚባለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ለኋላው የ2102ን፣ ማለትም ዕቃ ለመጫን የተሠራችውን የስቴሽን ላዳ ሞላ አመጣ። ጠንከር ያለ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ስለሆነም ይታመናል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ሞላ ቆርጦ መኪና ዝቅ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ግን ዙሩ ባነሰ ቁጥር ሞላው ይደድራል። በእሳት ማሞቅማ ጭራሽ ብረቱን ይገድለዋል። ሽቦው በ10 በመቶ ብቻ ቢወፍር ጥንካሬው በ46 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህ በዓይን ገምቶ ሞላ መምረጥ አይሆንም።

የኋላው ከፍ ሲል አግድሙ ዘንግ ያዘነብላል፤ አክስሉንም ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ እንኳ ጎኗን የምታስቀድም ትመስላለች። ሽማግሌው ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወስደው መካከሉ ላይ ጥርስ አስወጡለት፤ እንደልብ የሚረዝምና የሚያጥር ሆነ። አክስሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከፍታው ሲጨምር መገልበጥም እንደሚቀርብ ስለሚያውቁ ከዚያ በላይ እንዳይነሳ ከለከሉት።

ይህ ሁለተኛው ማሻሻያ ነው፤ ያስገደደው የእኛ መንገድ ነው። ሥዕልም ሰነድም የለውም። የሚገኘው በሽማግሌው እጅ ላይ ነው።

ጊዜው ደግሞ እየሄደ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አዲስ አበባም ላዳዎቿን በሌላ እየተካች ነው። ላዳ ትቅር፣ ማንም ለዘላለም አይነዳትም። የሚያሳስበው አብሯት የሚሄደው ዕውቀት ነው። ነገ ወደ እስቴ የምትወጣው የኤሌክትሪክ መኪናም ባትሪ ተሸክማ ትከብዳለች፤ የሚጠብቃት ግን ያው ዋልካ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመካኒካል ምህንድስና መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለአንድ ሴሚስተር ተማሪዎች ሜትርና ካሊፐር ይዘው ወደ ጋራዦች ይውጡ። የተሻሻለውን ዘንግ ይለኩ፣ የሞላውን ሽቦ ውፍረትና ዙር ይቁጠሩ፣ ሽማግሌዎቹ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠይቀው ይጻፉ። ወጪው የአውቶቡስ ትኬትና ደብተር ነው። ሽማግሌዎቹም እስካሁን በጋራዣቸው አሉ።