ከጥንስስ ወደ ጭማቂ፦ እርሾ ያለ ሕዋሱ የሚሠራው ሥራ ታሪክ



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጠላ የምትጠምቅ እናት እርሾ ከገበያ አትገዛም። ጋኗን በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ ጌሾውን በውሃ ዘፍዝፋ ትጠነስሳለች፤ ኋላም ቂጣውንና ብቅሉን ጨምራ ትደፈድፋለች። እርሾው ከጌሾው፣ ከእህሉና ከዕቃው ጋር ሳይጠራ ይመጣል። ድፍድፉ መፍላቱን ታውቃለች እንጂ የሚያፈላው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚሁ ጥያቄ ብርቱ ሙግት ገጥመው ነበር፦ የሚሠራው ሕያው እርሾ ነውን፣ ወይስ በውስጡ ያለ አንዳች ንጥረ ነገር? ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሉዊ ፓስተር መፍላትን ከሕይወት ለይቶ ማሰብ አይቻልም ብሎ አስተማረ። በ1895 ሲሞትም ሐሳቡ ጸንቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር ከሙግቱ መፍትሔ ጋር በአጋጣሚ ተገናኘ። የወንድሙ የሃንስ ፍላጎት ከእርሾ ለሕክምና የሚሆን ጭማቂ ማውጣት ነበር። የቢራ እርሾ ከአሸዋ ጋር ተፈጭቶ በከባድ መጭመቂያ ተጨመቀ። ጭማቂው እንዳይበላሽ፣ ፍራፍሬ በስኳር እንደሚጠበቅ ሁሉ፣ ስኳር ቢጨመርበት አረፋ ደፈቀ። ሕያው ሕዋስ የሌለበት ፈሳሽ ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለወጠ። ቡክነርም በ1907 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ነገር ግን ጭማቂው ቶሎ ይደክማል። ለእኔ ከግኝቱ ይልቅ ይህ ድካሙ የበለጠ ያስተምራል። በ1906 በለንደን አርተር ሃርደንና ዊሊያም ያንግ በእሳት የተቀቀለ የእርሾ ጭማቂ በአዲሱ ላይ ቢጨምሩ መፍላቱ ሲበረታ አዩ። ምክንያቱን ሲያጣሩ አንዱ ፎስፌት ሆኖ ተገኘ፤ ፎስፌት ሲጨመርበት የደከመው ጭማቂ ይነቃል። ይህን ስም እናስታውሰው፤ ተመልሶ ይመጣልና።

ስኳርን መስበር ማፍረስ ነው፤ ፕሮቲንን መሥራት ግን ግንባታ ነው። አሚኖ አሲዶችን በትእዛዙ ተራ ማያያዝ ብዙ ጉልበት ይፈጃል። በባክቴሪያ ጭማቂ ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስተምር ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማቴይ በ1961 አሳዩ፤ የዘር ኮድ መፈታት የጀመረውም በዚያ ነው። የባክቴሪያው ጭማቂ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተሻሻለ፤ የእርሾው ወደ ኋላ ቀረ።

ይህ እኛን ምን ያገባናል? በ1986 በአሜሪካ የተፈቀደው የጉበት በሽታ ቢ ክትባት ሕያው እርሾ የሠራው ፕሮቲን ነው። ከ2007 ጀምሮ በሀገራችን ለሕፃናት የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባትም እንዲህ ያለውን ፕሮቲን ይዟል፤ ከውጭ ተገዝቶ፣ ከቅዝቃዜ ሳይወጣ፣ የጋይንትን ዳገትና ቁልቁለት አልፎ ወገዳ ይደርሳል። ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለ ፕሮቲን በገዛ ቤተ ሙከራቸው በሰዓታት ውስጥ ሠርተው ይመረምሩ ዘንድ ርካሽ የእርሾ ጭማቂ ያስፈልጋል።

በ2013 በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሆጅማንና ጀዌት የጭማቂውን አዘገጃጀትና የሚጨመሩበትን ነገሮች መጠን አስተካክለው በሚሊሊትር 8 ማይክሮግራም ያህል ፕሮቲን አገኙ። ጥሩ የባክቴሪያ ጭማቂ ከ1000 በላይ ይሰጣል። የእርሾው ሥራ ለምን ይቆማል? በ2014 ከባልደረቦቻቸው ጋር ለክተው መልሱን አገኙ። ጉልበት ሰጪው ክሬአቲን ፎስፌት በፍጥነት ያልቃል፤ ሲሰበር የሚተርፈው ፎስፌትም ተጠራቅሞ ጭማቂውን ይመርዛል። የሃርደን አነቃቂ እዚህ መርዝ ሆኖ ተገኘ! በስስ ሽፋን በኩል አዲስ ግብዓት እየገባ ጥራጊው እንዲወጣ ሲደረግ ምርቱ ከ70 በመቶ በላይ ጨመረ።

በ2015 ደግሞ ውዱን ክሬአቲን ፎስፌት ትተው ለጭማቂው ግሉኮስና ፎስፌት ሰጡት፤ የ1906ቱን ቅይጥ ማለት ይቻላል። እርሾው በጥንት ሙያው ስኳር እየሰበረ ለግንባታው የሚሆነውን ጉልበት አመነጨ። ምርቱ በሚሊሊትር 3.64 ማይክሮግራም ብቻ ነበር፤ ከ2013ቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ኬሚካሉን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ቤተ ሙከራ ግን እኔ ሌላውን ቁጥር አስቀድማለሁ፦ ለግብዓት በወጣው ገንዘብ ሲሰላ አዲሱ መንገድ ክሬአቲን ፎስፌት ከሚጠቀመው በ16 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።