ጫት፣ አረቄና ብሔር፦ ከደብረ ታቦር ደጋ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ደብረ ታቦር ከምትገኝበት ከደቡብ ጎንደር ዞን ነዋሪ ከ99 በመቶ በላይ አማራ ነው። በዚህ ዞን ሱስን በብሔር ለማስረዳት የሚነሣ አጥኚ ገና ከመነሻው ይሰናከላል። ቃሚውም ጫት ቀምሶ የማያውቀውም፣ አረቄ የጣለውም በበዓል ጠላ ብቻ የሚጎነጨውም አንድ ብሔር ናቸው። ለሁሉም እኩል የሆነ ነገር ልዩነታቸውን ሊያስረዳ አይችልም።

«ጫት የእነርሱ፣ አረቄ የእኛ» የሚለው አባባል ከየት መጣ? መልሱን ከሰው ደም በፊት ከቅጠሉ መፈለግ ይገባል። የጫት ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ የተለየ ሲሆን ጠባዩ ለአምፌታሚን የቀረበ ነው። ቅጠሉ ተቀጥፎ ሁለት ቀን ገደማ ሲያልፈው ይኸው ንጥረ ነገር ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው እስሩን በሙዝ ቅጠል የሚጠቀልለው፣ ውኃም የሚረጭበት ስለዚህ ነው። ጫት የወይና ደጋ ተክል ነውና የጉና ተራራ ብርድ አይመቸውም። የደጋው ሰው ግን ገብስ አለው፤ ብቅሉን ከጌሾ ጋር ጠንስሶ፣ ድፍድፉን እሳት ላይ ጥዶ አረቄውን ያወጣል። የብሔር ጠባይ የተባለው ነገር ባብዛኛው የከፍታና የመንገድ ጉዳይ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ጫት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ በወረታ በኩል ሳይጠወልግ ደብረ ታቦር ይደርሳል።

ሃይማኖት ከብሔር የተሻለ እንደሚያስረዳ አልክድም። የወሎ ሙስሊም አማራ ለዱዓ ሲቀመጥ ጫትን ሲቅም ኖሯል፤ የጎንደር ክርስቲያን አማራ ደግሞ የሌላ እምነት ምልክት አድርጎ ሲሸሸው ኖሯል። ብሔሩ አንድ፣ ልማዱ ግን ሁለት ነው። ያም አጥር አሁን ላልቷል። ለፈተና የሚያነጋ ተማሪና ሌሊት የሚነዳ ሾፌር ይቅማሉ፤ ሲመሽም ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ ይወጣሉ። የሁለት ወገን ናቸው የተባሉት ጫትና አረቄ በአንድ ሰው አካል ውስጥ ይገናኛሉ። በእኔ ግምት ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዘረመል ምንም አይናገርም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ሞርፊን የሚቀይር ኤንዛይም ዘረመል ተደራርቦ እንዳላቸው አሳይቷል። ይህ ግን ስለ መመረዝ አደጋ እንጂ ስለ ሱሰኛ ብሔር የሚናገር ግኝት አይደለም።

ሱስንና ዘርን ማምታታት የሚያስከፍለውን ዋጋ አሜሪካ በኮኬይን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. የ1986ቱ ሕግ ለ5 ግራም ክራክ (የሚጨስ ኮኬይን) እና ለ500 ግራም የዱቄት ኮኬይን እኩል የአምስት ዓመት ዝቅተኛ እስራት ደነገገ። በአገሪቱ የዳሰሳ ጥናቶች ከክራክ ተጠቃሚዎች የሚበዙት ነጮች ሆነው ሳለ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት በክራክ ከተቀጡት ከ10 ሰዎች ከ8 በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ልዩነቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 18 ለ1 ዝቅ ቢልም እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤት ፈርሷል።

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ሱስን ለምትመረምሩ ሁሉ፦ መጠይቃችሁ ከብሔር ይልቅ የጫቱን እስር ዋጋ፣ ከመኪና መንገድ ያለውን ርቀት፣ የሌሊቱን ሥራ፣ የመጀመሪያዋን ቅጠል ያቀበለውን እጅ ይጠይቅ።