«ከተነሡ በኋላ»፦ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና የመመረቂያ ጽሑፎች ታሪክ



ለዛሬው ንግግር የተጋበዝኩት ቤተ መጻሕፍታችን በዚህ ዓመት የጀመራቸውን አገልግሎቶች ምክንያት በማድረግ ነው። የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች ተከፍተውልናል፤ የንባብ አዳራሹም ሊሰፋ ነው። ሁለቱም መልካም ዜና ናቸው። ነገር ግን በማስታወቂያው ግርጌ ላይ የሰፈረች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ አዳራሹ የሚሰፋው በምድር ቤቱ የተከማቹት አሮጌ የመመረቂያ ጽሑፎች «ከተነሡ በኋላ» ነው ትላለች። ወዴት እንደሚነሡ አልተጻፈም። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ዓይኔ የወደቀው በዚህች ሐረግ ላይ ነው፤ ንግግሬም ስለ እርሷ ይሆናል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በዶክተር ሉስየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። ለ33 ተማሪዎች የሚበቃ ቤተ መጻሕፍት ማደራጀት ከባድ ሥራ አይመስልም፤ የመማሪያ መጻሕፍትን ከውጭ ማዘዝና በመደርደሪያ ማሰለፍ ይበቃ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ግን በዚህ አልተወሰኑም። በአገሩ የሚታተመውን ጽሑፍና የአገሩን የእጅ ሥራ፣ መስቀሉንና ሥዕሉን ጭምር መሰብሰብ ያዙ። በዘመኑ ብዙ ሰው የዕለት ተዕለት ዕቃ አድርጎ ያየው የነበረውን ነገር እርሳቸው በመዝገብ አሰፈሩት። ኋላ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ የዚህ ልማድ ፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ተጀመረ፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው እርሱን ነው። የኮሌጁ የሕዝቦች ባህል ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1953 አንሥቶ አንዲት አነስተኛ መጽሔት ያሳትም ነበር። የጽሑፎቹ ባለቤቶች ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። በየተወለዱበት አገር ልጅ እንዴት እንደሚጠመቅ፣ ጋብቻ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ሙት እንዴት እንደሚለቀስ እያስታወሱና ታላላቆቻቸውን እየጠየቁ ጻፉ። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ እንግሊዝኛቸውም አንዳንድ ጊዜ ይደናቀፋል። ሆኖም ዛሬ የባህል ታሪክ የሚያጠና ሰው ያለ እነርሱ አይሆንለትም።

በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያው ግቢ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ፤ ሆይናትስኪም ስብስባቸውን ይዘው የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆነው ተሻገሩ። በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ የንጉሡ መኝታ ክፍልና የተማሪ የንባብ ክፍል ጎን ለጎን የነበሩ መሆናቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ግን ይህ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቅ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ማቅረብ ነበረባቸው። ተማሪው በዕረፍት ጊዜ ወደ ትውልድ አገሩ ይወርዳል፤ ሽማግሌዎችን ያነጋግራል፤ የግል ደብዳቤና የርስት ሰነድ ካገኘ ይገለብጣል፤ ሲመለስ በታይፕ ያስመታዋል። በመጨረሻው ገጽ የመረጃ ሰጪዎች ስም፣ ዕድሜና የተጠየቁበት ቀን ይሰፍራል። እነዚያን ገጾች ስታነቡ ዕድሜውን አስሉት። እ.ኤ.አ. በ1968 የ85 ዓመት ሽማግሌ የነበረ ሰው በዐድዋ ጦርነት ጊዜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ስንቅ ተሸክሞ ሊዘምት፣ ወይም የአባቱን መመለስ በር ላይ ቆሞ ሊጠብቅ የሚችል ልጅ ማለት ነው። ያን ሰው ያነጋገረው የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ማንም ሊያነጋግረው አልቻለም።

የመመረቂያ ጽሑፍ አይታተምም። ቅጂዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስለተቀመጠ ግን ተመራማሪው ደረሰበት። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ገልጣችሁ የምንጭ ዝርዝሩን ተመልከቱ፤ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ከታላላቅ የውጭ አገር ደራስያን ሥራዎች ጎን ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ሁላችሁም የተማራችሁበት ታሪክ በከፊል የቆመው ሃያ ሦስት ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ማስታወሻ ላይ ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ የተረዳሁትም በጉዳት ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ በአንድ ኮሌጅ አስተምር ነበር። አንዲት ተማሪዬ የሞተር ወፍጮ ወደ ትውልድ ከተማዋ እንዴት እንደገባ ጻፈች። አያቷንና የአያቷን ጎረቤቶች ጠይቃ ነበር። ሴቶቹ ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጩበትን ሰዓት በዶሮ ጩኸት ይለኩ እንደነበር፣ ሞተሩ ሲመጣ አንዳንድ አባወራዎች «ዱቄቱ ይቃጠላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም» ብለው እንደከለከሉ፣ ሴቶቹ ግን ተደብቀው እንደላኩ አስፍራለች። እኔ «ቢ» ሰጠኋት፤ የጽሑፍ ምንጭ አነሰሽ ብዬ። ከዓመታት በኋላ ስለ ሴቶች ጉልበት ስጽፍ ያን ጽሑፍ ፈለግሁት። ዕቃ ግምጃ ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ሆኗል። ወረቀቱስ ስል፣ በኪሎ ተሸጠ አሉኝ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ኮምፒዩተርም ያስፈልግ ነበር። እኔም ብሆን ውጤት ከሰጠሁ በኋላ አንዲት ገጽ እንኳ አልገለበጥኩም። አያቲቱ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ቅጂ ማስቀረት ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ሲወጡ ብዙዎቹን ለማንበብ ሎንዶን ድረስ መሄድ ግድ ሆነብን። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ እዚሁ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ተቀመጠ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚያን ፊልሞች ካታሎግ በማዘጋጀት አሠርት ዓመታት አሳልፈዋል። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የማይታወቅ ብራና እንኳ ቢያንስ ቃሉ አልጠፋም።

አሁን ወደ አዲሱ አገልግሎት ልመለስ። የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶቹን ተጠቀሙ፤ እኔም እጠቀማለሁ። በተማሪነቴ የስድስት ወር መጽሔት ደረሰ ሲባል በተራ ነበር የምናነበው። ነገር ግን ከቤተ መጻሕፍቱ የምንረከበው የማንበቢያ ፈቃድ እንጂ መጽሔቱን ራሱን እንዳልሆነ እወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራውና ሂናሪ የሚባለው መርሐ ግብር ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 አሳታሚዎች ከሁለት ሺህ የሚበልጡ መጽሔቶችን ከባንግላዴሽ ተቋማት በድንገት ዘጉ። ተመራማሪዎች ከጮኹ በኋላ ነው የተመለሰው። የባንግላዴሽ ሐኪም ትናንት ያነበበውን ዛሬ መክፈት ያልቻለው የእርሱ ስላልነበረ ነው።

በምድር ቤት ያሉት ካርቶኖች ግን የእኛ ናቸው። ምንም አሳታሚ አይሸጥልንም፤ ማንም አይከለክለንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎችን በኤሌክትሮኒክ ማከማቻው ለአንባቢ አቅርቧል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፎች ግን በአብዛኞቹ ኮሌጆች ዛሬም ቆጣሪ የላቸውም። አንዳንድ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ ደካማ ናቸው፣ ከሌላ የተገለበጡም አሉ ይላሉ። እውነት ነው። እኔም አንብቤ የተናደድኩባቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን ደካማ ድምዳሜ ባለው ጽሑፍ ውስጥ የአንድ እማሆይ ቃል እንዳለ ሊገኝ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ሳይከፈት አይታወቅም። ቢያንስ የመረጃ ሰጪዎቹ ገጽ ሳይነበብ አንድም ካርቶን ከግቢ መውጣት የለበትም ባይ ነኝ።

ይህንኑ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ እርሳቸውም በቅንነት ተቀብለውኛል። የተሰጠን ጊዜ አዳራሹን የሚሠራው ሥራ ተቋራጭ እስኪገባ ድረስ ነው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ጠዋት ካርቶኖቹን እየከፈትን የጸሐፊውን ስም፣ ርእሱን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የመረጃ ሰጪዎቹን ዝርዝር እንመዘግባለን፤ የመረጃ ሰጪዎቹን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ ታነሡታላችሁ። የሚመዘገብ ሰው ስሙን በመጽሐፍ ማዋሻው ጠረጴዛ ላይ ባለው ደብተር ያስፍር። አቧራው ብዙ ነው፤ አፍንጫችሁን የምትሸፍኑበት ነገር ይዛችሁ ኑ።