ከአራስ ጎጆ እስከ ጢፓት ሐላብ፦ ክብደት አልጨምር ያለ ሕፃን ታሪክ



ሰሞኑን እዚህ ፔታሕ ቲቅቫ ልጅ የተወለደላቸውን ቤተሰቦች ስንጠይቅ አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። ሕፃኑ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ጡት ይጠባል፣ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን ቁጥሩ አልነቃነቅ ይላል። አሖቷ ደብተሩ ላይ ጽፋ "በሦስት ቀን ተመለሱ" ትላለች። አያት "ወተቷ ቀጥኖ ነው" ትላለች። አራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። አባት ሱፐር ሄዶ ማተርና ይዞ ይመጣል። ክፉ ያሰበ ማንም የለም፣ ሁሉም ለልጁ ብሎ ነው። ግን ሁሉም የሚናገረው ከየራሱ ታሪክ ነው። አያት ከጎንደር፣ አሖቷ ከሠንጠረዧ፣ ወላጆቹ ደግሞ ከሁለቱ መሀል ቆመው። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ እናንሳው።

በሀገራችን ሳለን አራስ ከቤተሰቡ ጋር አታድርም ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እንደታዘዘው፣ ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ተለይታ ትቆያለች። ለወንድ የመጀመሪያውን 7 ቀን፣ ለሴት 14 ቀን በመርገም ጎጆ፤ የቀረውን 33 ወይም 66 ቀን በአራስ ጎጆ። የመርገም ጎጆው ከመንደሩ ዳር ነው፣ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሯል። ምግብ ያመጣ ሰው ድንጋዩን አያልፍም፣ አስቀምጦላት ይመለሳል። ቀኑ ሲሞላ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ፣ ቄሱ መጽሐፈ አርድዕትን አንብበው፣ ከልጇ ጋር ወደ ቤቷ ትገባለች። ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ እናቶቻችን ታውቁታላችሁ።

የማያውቅ ሰው ሲሰማ "እንዴት አራስ ብቻዋን ትደረጋለች?" ይላል። እውነት ነው፣ ብርዱም ፍርሃቱም ነበር። ጎጆው የተሠራውም ለንጽሕና ሕግ እንጂ ለወተት ተብሎ አይደለም። ነገር ግን ማንም ሳያስበው ለወተቱ ጠቅሟል። አራሷ አትፈጭም፣ አትጋግርም፣ ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ፣ ተልባው ይመጣላታል። ሕፃኑ ቀንም ሌትም ከደረቷ አይለይም፣ በፈለገ ቁጥር ይጠባል። ሰዓት የሚቆጥርበት የለም። ዛሬ ሐኪሞች ለአዲስ እናት የሚመክሩት ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ዕረፍት፣ ምግብ፣ ልጅን ገላ ለገላ ማቀፍ፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት።

ግን ሁሉንም አናሳምረው። በኢትዮጵያ ገጠር በብዙ ቦታ እንገሩ "ቆሻሻ ነው" ተብሎ ይታለብና ይደፋ ነበር። ያ ወፍራም ቢጫ ወተት ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል፣ እንደ መጀመሪያ ክትባት የሚቆጠር ነው። አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማዋጥም፣ እንጥል ማስቆረጥም ነበር፤ ሁለቱም ልጅ ይጎዳሉ። ሚዛን ደግሞ አልነበረም። ልጁ እየከሳ መሆኑ የሚታወቀው ዓይኑ ሲጎደጉድ ነው፤ ያኔ ብዙ ጊዜ መሽቷል። "ሾተላይ ነው"፣ "ዓይን በላው" ተብሎ ይቀበራል። እኛ ራሳችን በጎረቤቶቻችን "ቡዳ" እየተባልን በሰው ልጅ ሞት የተከሰስን ሕዝብ ነን። ልጅ በታመመ ቁጥር ጥፋተኛ መፈለግ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ መንገዱ መጣ። በእግር ወደ ሱዳን የወጡት እናቶች አርባ ቀንም ሰማንያ ቀንም አልነበራቸውም። መንገድ ላይ የወለደች ልጇን አዝላ ከሰው ጋር መሄድ ነበረባት። በገዳሪፍና በኡም ረኩባ ሰፈር ኩፍኝ፣ ወባና ተቅማጥ ሕፃናትን ጨረሰ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8 ሺህ ሰው እስራኤል ገባ። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ግን 4 ሺህ የሚያህሉ ወገኖቻችን ቀርተዋል፤ በኢየሩሳሌም በሔርጽል ተራራ መታሰቢያ የቆመላቸው እነሱ ናቸው። ከዚያ ጊዜ እናቶች "ጡቴ ደረቀ" ሲሉ ሰምተን አድገናል። ልጅ ታሞ መጥባት ሲያቅተው፣ እናት ታማ ስትወድቅ፣ ወተት ይቀንሳል። የእናትየዋ ጥፋት አልነበረም። ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የራሳቸው ጥፋት አድርገው ይዘውታል።

በግንቦት 1991 ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን ሆነ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ፤ በጉዞው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። እነዚያ አራሶች ከአውሮፕላን ወርደው ሆቴል ክፍል፣ መርካዝ ቅሊጣ፣ ካራቫን ውስጥ ገቡ። ጎጆ የለም፣ ድንጋይ የለም፣ ገንፎ የምታገነፋ ጎረቤት የለችም። በረንዳ ላይ ወይም በሌላ ክፍል ተለይተው ሕጋቸውን ለመጠበቅ የሞከሩም ነበሩ። በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ቤት ተዋወቁ፦ ጢፓት ሐላብ።

ጢፓት ሐላብ ማለት "የወተት ጠብታ" ማለት ነው። ስሙ የእኛን አገር እናቶች ሊያስገርም ይችላል፤ ክትባት ለሚሰጥበት ቤት ምን የሚሉት ስም ነው? ታሪክ አለው። በ1894 ሌዮን ዱፉር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ፌካን በምትባል ከተማ ለድሃ ሕፃናት ንጹሕ ወተት የሚታደልበት ቤት ከፈተና "የወተት ጠብታ" አለው። በ1921 በርታ ላንድስማን የምትባል የሃዳሳ ነርስ በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ የመጀመሪያውን የእናቶችና የሕፃናት ጣቢያ አቋቋመች። ጣቢያው እናቶች እንዲያጠቡ ያስተምራል፤ ማጥባት ላልቻሉት ደግሞ የተፈላ ንጹሕ ወተት በአህያ ተጭኖ በየሰፈሩ ይታደል ነበር። ሚዛኑም፣ ደብተሩም የመጣው ከዚያ ነው። ያን ጊዜ በኢየሩሳሌም ብዙ ሕፃን በተቅማጥ ይሞት ነበርና፣ ሚዛን በየሳምንቱ ማየት የከሳውን ልጅ ቶሎ ለመለየት ነው። ማለትም የእኛ ጎጆ ያልነበረው ነገር።

ችግሩ ቋንቋ ነበር። እኛ በልጅነታችን የመጣን፣ የእናቶቻችን አስተርጓሚዎች ነበርን። አንድ ቀን በአንድ ጣቢያ ነርሷ ታናሽ ወንድማችንን መዝና "ሁ ሎ ዖሌ" አለች። ክብደቱ አልወጣም፣ አልጨመረም ማለቷ ነው። እኛ ግን "ዖሌ" የሚለውን ቃል የምናውቀው በአንድ ትርጉም ብቻ ነበር፦ ዓሊያ ያደረገ፣ ዖሌ ሐዳሽ። ለእናታችን "እሱ ዖሌ አይደለም አለች" ብለን ተረጎምንላት። እናታችን ቃል አልተናገረችም። ልጁን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች፣ ሁለት ወርም አልተመለሰችም። ከእኛ ሊለዩት ነው ብላ ፈርታ ነው። ልጁ ተርፎ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እነዚያን ሁለት ወራት ሳይመዘን፣ ሳይታይ ነው ያሳለፋቸው። ያን ቃል ለእናታችን በትክክል የነገርናት ትልቅ ሰው ከሆንን በኋላ ነው። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

በዚያ ዘመን ሠንጠረዡ ራሱም ጉድለት ነበረበት። በ1977 በአሜሪካ የወጣውና የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ አገሮች ያዳረሰው የዕድገት መስመር፣ የሕፃናቱ ክፍል የተሠራው ኦሃዮ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ከተማ በተሰበሰበ መረጃ ነው፤ ልጆቹም አብዛኞቹ ጡጦ የሚጠጡ ነበሩ። ጡት የሚጠባ ልጅ ከሦስት ወር ገደማ ጀምሮ አጨማመሩ ከጡጦ ልጅ ይዘገያል፤ ተፈጥሮው ነው። በዚያ መስመር ሲለካ ግን ደህናው ልጅ "ወደ ኋላ ቀረ" ይባላል፣ እናትየዋም "ጡጦ ጨምሪ" ትባላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አይቶ፣ ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ወደ 8 ሺህ 500 የሚጠጉ ልጆችን አጠና፤ መለኪያ የሆኑትም ጡት የጠቡ ልጆች ናቸው። አዲሱ መስመር በ2006 ወጣ። ያ ጥናት ሌላም ነገር አሳየ፦ በደንብ የተያዘ ልጅ አክራም ይወለድ ኦስሎ፣ አስተዳደጉ ተቀራራቢ ነው። "የእኛ ዘር ቀጭን ነው" ብሎ ማለፍም፣ "የእናንተ ወተት አይበቃም" ማለትም ልክ አልነበረም።

እንግዲህ ዛሬ ምን እንወቅ? አዲስ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል። 3 ኪሎ ከ200 ግራም የተወለደ ልጅ 200 ግራም ያህል ቢቀንስ የተለመደ ነው። ከመቶ 10 ከደረሰ ግን በቶሎ መታየት አለበት። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል፤ ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስት ያህል ዳይፐር በሽንት ካረጠበ ወተት እየገባለት ነው።

ካልጨመረስ? መጀመሪያ የሚታየው አጠባቡ ነው። የጡት ጫፉን ብቻ ይዞ ከሆነ ሲለፋ ይውላል እንጂ ወተት አያገኝም፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጥቁሩን ዙሪያ ጭምር መያዝ አለበት። ወተት ደግሞ በተጠባ መጠን ነው የሚመረተው። ሳይጠባ የቀረ ጡት "አልተፈለግሁም" ብሎ ይቀንሳል። ሳይማከሩ ጡጦ የጨመሩ እንደሆነ ልጁ ጡቱን ይተዋል፣ ወተቱ ይቀንሳል፣ ጡጦው ይጨምራል። አብሹም አጥሚቱም ለእናት ነው፤ ለልጁ እስከ ስድስት ወር ውሃም፣ ቅቤም፣ አጥሚትም አይሰጥም፤ ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም። ወተት ጠሪው ዋናው የልጁ አፍ ነው። ሐኪም አይቶ "ለጊዜው ተጨማሪ ወተት ያስፈልገዋል" ካለ ደግሞ መስጠት ነውር አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ምላሱ ታስሮ ነው፣ አንዳንዱ ቢጫ ሆኖ እያንቀላፋ ነው፣ አንዳንዱ ልቡን ያመዋል። ለመጥባት የማይነቃ፣ ሽንቱ የጠፋ፣ ትኩሳቱ 38 የደረሰ ጨቅላ ከሆነ ግን ምክር አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም። የሽናይደር የሕፃናት ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን ነው፤ የተከፈተውም በ1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ዓመት ነው።

አሁን ወደ ጎጆው እንመለስ። የሕጉን ነገር ለቄሶቻችን እንተወው። እኛ የምናነሳው ዕረፍቱን ነው። ዛሬ መብቱ ላላት ሠራተኛ ቢቱአሕ ሌኡሚ 15 ሳምንት ይከፍላል። 105 ቀን ነው፤ ከሰማንያው ይበልጣል። ቀኑ አለ፣ የጠፋው እጅ ነው። ባል በፈረቃ ሥራ፣ አያት በጽዳት ሥራ ወይም በሌላ ከተማ፣ አራሷ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን። የድሮዋ አራስ ከሰው ተለይታ ነበር፣ ግን መንደሩ ሁሉ ይመግባት ነበር። የዛሬዋ መሀል ከተማ ተቀምጣ የሚያጎርሳት የለም።

ስለዚህ እናቶች፣ "ወተትሽ አይረባም" አትበሏት። ያ ቃል ወተት ያስቀራል፤ የፈራችና ያዘነች እናት ወተቷ ቶሎ አይወርድላትም። ገንፎውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዕቃውን እጠቡ፣ ትልልቆቹን ልጆች ውሰዱላት፣ እሷ ትተኛ፣ ከልጇ ጋር ትዋል። አባቶች፣ ሌሊት ልጁን አንስታችሁ አቀብሏት። ወላጆች፣ ከመመዘን አትቅሩ። ሚዛኑ ዳኛ አይደለም፣ ቶሎ እንድናይ ብቻ ነው። የቫይታሚን ዲ ጠብታውንም አትርሱ። ዮዔጼት ሃናቃ፣ ማለትም የጡት ማጥባት አማካሪ፣ እንድታያችሁ ጠይቁ። አሖቷ ያለችው ካልገባችሁም ትልቅ ሰው አስተርጓሚ ጠይቁ። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ የጤና ድርጅቶች በቋንቋና በባህል ለሁሉም እንዲመቹ ታዘዋል። ልጆቻችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጓቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ያን ቃል መሸከም አይችልም።

የአራስ ጎጆን የምታስታውሱ እናቶች ከእኛ ጋር ጥቂት ናችሁ። ምን ትበሉ ነበር? ማን ያመጣላችሁ ነበር? ልጅ ሲከሳ ምን ይደረግ ነበር? ለልጆቻችሁና ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ እኛም እንጻፈው።

የተወለዱትን ሁሉ እግዚአብሔር ያሳድግልን። አራሶችንም ማርያማቸውን ሳይሆን የእስራኤል አምላክ በሰላም ያውጣቸው እንላለን፣ እንደ አባቶቻችን። አሜን።