ድንጋይና ጓሳ፦ የመንዝ ቤት የሙቀት ታሪክ

በመንዝ ደጋ የኅዳር ውርጭ ሲወርድ እሳት ብቻውን ቤት አያሞቅም። ዛፍ በሳሳበት በዚህ አገር የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው፤ ኩበት በነደደ ቁጥር ማሳው ፍግ ያጣል። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የተጨነቀው እሳት ስለ ማብዛት ሳይሆን የጥቂቱ እሳት ሙቀት ከቤት እንዳይወጣ ስለ ማድረግ ነበር። ቤቱን የሠራውም ይህንኑ አስቦ ነው።

ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ በውፍረት የተካበ ነው። ድንጋይ ብርድን ፈጽሞ አያግድም፤ ነገር ግን ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ከምድጃ የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ቆይቶ በዝግታ ይመልሳል። በሩ ዝቅተኛ፣ መስኮቱም ካለ ጠባብ በመሆኑ ነፋስ መግቢያ ያጣል። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደሩን ከተሜው እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥረው ይሆናል፤ በሬ ግን ኩበት የማይፈጅ ምድጃ ነው። መደቡ ላይ የተኛውን ሰው ደግሞ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራው ባና ያሞቀዋል። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ሲጎዳ መኖሩን ግን ያለፈውን የሚያወድስ ሁሉ ሊደብቀው አይገባም።

የሙቀቱ ዋና ጠባቂ ክዳኑ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ በሚገኘው የጓሳ ምድር የሚበቅለው ጓሳ ሣር በጥቅጥቅ ሲከደን በውስጡ የታመቀው አየር ሙቀቱን ይይዛል። ይህ ሣር በዘፈቀደ አይታጨድም ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ጸና በሚነገረው የቀሮ ሥርዓት መሠረት ቦታው ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲከፈት ብቻ ይታጨዳል። ሥርዓቱ ፍጹም ፍትሐዊ አልነበረም፤ መብቱ ለአስቦና ለጌራ ተወላጆች ስለሆነ ከዘር ሐረጉ ውጭ ያለው ሰው ይገለል ነበር። ቢሆንም ሣሩን አቆይቶታል።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ወደቀ። ጓሳው ጠባቂ አጥቶ ተራቆተ። በኋላ ቆርቆሮ ወደ ገጠሩ በሰፊው ገባ፤ ዝናብን ከሣር ይልቅ ይመልሳል፣ በየጊዜው መክደንም አይጠይቅም፤ ሌሊት ግን ሙቀቱን ፈጥኖ ይለቃል፣ ጧትም ላቦት ያንጠባጥባል። ቤቱ ሲቀዘቅዝ የሚጨመረው ኩበት ከማሳው የሚቀነስ ነው።

ቆርቆሮውን ማንሳት አያስፈልግም፤ በሥሩ የሣር ንጣፍ ወይም ኮርኒስ ቢገባ፣ ሥንጥቁም ቢደፈን ብዙ ሙቀት ይተርፋል። በጭቃ የተካበን አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ መለሰን ግን ስሕተት ነው፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ግንቡ ይበሰብሳል፣ እርጥብ ግንብ ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በጭቃ የተሠራ በጭቃ ይጠገናል።

ጓሳውም ከ1990ዎቹ ወዲህ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ዳግም ገብቷል፤ አሁን አጫጁ በዘሩ ሳይሆን በነዋሪነቱ ነው ማጭዱን ይዞ የሚወጣው።